ቺዙ ሳያመልጥ፦ ኩርሽምሽም የሚል የቺዝ ጥብስ ከነማጥቀሻው

ሞዛሬላ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ መላላት ይጀምራል፤ የሚጠበስበት ዘይት ደግሞ 185 ዲግሪ ነው። ዱቄትና የዳቦ ፍርፋሪ የለበሰ የቺዝ ቁራጭ ዘይት ውስጥ ሲገባ ውጪው ለመጠንከር፣ ውስጡ ቀልጦ ለማምለጥ ይሽቀዳደማሉ። ቅርፊቱ ከቀደመ፣ ሲቆርሱት እንደ ክር የሚሳብ ቺዝ ያገኛሉ። ቺዙ ከቀደመ ግን የሚተርፍዎ ባዶ የዳቦ ቀፎና ድስቱ ታች የተጋገረ ነጭ ሙጫ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ፣ ከቺዝ ምርጫው ጀምሮ እስከ ፍሪዘሩ ድረስ፣ ቅርፊቱን ለማስቀደም የሚሠራ ነው።

መጠኑ ለ4 ሰው ነው፤ 20 ቁራጭ ያህል ይወጣዋል።

• 400 ግራም ድፍን ሞዛሬላ
• 80 ግራም የስንዴ ዱቄት እና 20 ግራም የበቆሎ ስታርች
• 3 እንቁላል፣ ከ2 የሾርባ ማንኪያ ወተት ጋር
• 100 ግራም ደቃቅ የዳቦ ፍርፋሪ እና 100 ግራም ፓንኮ ወይም ሌላ ሻካራ ፍርፋሪ
• 1 የሻይ ማንኪያ ደረቅ ኦሬጋኖ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የነጭ ሽንኩርት ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው
• 1.5 ሊትር የተጣራ የሱፍ ዘይት

ጨዉ ያነሰው ቺዙ ራሱ ጨው ስላለበት ነው። አይጨምሩበት።

የትኛው ቺዝ?

ለዚህ ሥራ የሚሆነው እርጥበቱ የቀነሰ ሞዛሬላ ነው፤ እንደ ጡብ ድፍን ሆኖ በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠውና ፒዛ ላይ የሚፈቀፈቀው ማለት ነው። ከክብደቱ ከ45 እስከ 52 በመቶ የሚሆነው ውሃ ነው። ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ የሚመጣው ድቡልቡል ትኩስ ሞዛሬላ ግን እስከ 60 በመቶ ውሃ ሊኖረው ይችላል። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ዘይት ውስጥ ግን ሰፊ ነው። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲቀየር ከ1,600 ጊዜ በላይ ይነፋል። ከሽፋኑ ስር የታፈነው እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ሽፋኑን ይቀደዋል፤ ቺዙም በተቀደደው በኩል ተከትሎ ይወጣል። ትኩሱን ሞዛሬላ ለሰላጣ ይተዉት።

ጎዳ እና ኤዳም በደንብ ይሠራሉ፤ ጣዕማቸውም ከሞዛሬላ ይጠነክራል፤ እንደ ክር ግን አይሳቡም። ቼዳር ከወደዱ ያልቆየውን ይምረጡ። ለብዙ ወር የበሰለ ቼዳር ፕሮቲኑ እየተሰባበረ ስለሚሄድ ሲሞቅ ስቡን መያዝ ያቅተዋል፤ ውስጡ ቅባትና አሸዋ የመሰለ ነገር ሆኖ ይለያያል። በቀጫጭኑ ተቆርጦ የሚሸጠው የሳንድዊች ቺዝ ደግሞ ከተሠራበት ጀምሮ በቀላሉ እንዲቀልጥ ተደርጎ የተዘጋጀ ስለሆነ ሽሽቱ ፈጣን ነው። እሱን ለመጥበስ መሞከር ትርፉ ድካም ነው። ተፈቅፍቆ የሚሸጠውም ቅርጽ ስለማይይዝ አያገለግልም።

ሃሉሚ እና ፓኒር ሌላ ወገን ናቸው። ሃሉሚ ሲሠራ በራሱ አጓት ውስጥ ስለሚቀቀል፣ ፓኒር ደግሞ ትኩስ ወተት በአሲድ ተቆራርጦ የሚገኝ ስለሆነ፣ ሁለቱም ሲሞቁ ይለሰልሳሉ እንጂ አይፈሱም። ለነሱ የተለየ አሠራር ወደ ታች አለ፤ ፍሪዘርም አያስፈልጋቸውም።

መቁረጥና ማድረቅ

ቺዙን ከማቀዝቀዣ እንዳወጡ፣ ሳይሞቅ፣ 1.5 ሴንቲሜትር ውፍረትና 8 ሴንቲሜትር ርዝመት ባላቸው ዘንጎች ይቁረጡት። እያንዳንዱ 20 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከዚህ ከቀጠነ ቅርፊቱ ሳይጠነክር ውስጡ ይቀልጣል፤ ከ2 ሴንቲሜትር በላይ ከወፈረ ደግሞ ውጪው ሲያር መሃሉ በረዶ ሆኖ ይቀራል። ሁሉም እኩል ቢሆኑ ይመረጣል፤ አንድ ላይ ስለሚጠበሱ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም።

እያንዳንዱን በንጹህ ጨርቅ ወይም በወጥ ቤት ወረቀት ያድርቁ፤ ከዚያ የመጋገሪያ ወረቀት በተነጠፈበት ትሪ ላይ ሳይነካኩ ደርድረው 30 ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡ። ያልደረቀ ቺዝ ላይ ዱቄቱ ሊጥ ይሆንና በኋላ ሽፋኑ እንዳለ እንደ ጓንት ይወልቃል።

ማልበስ

ሦስት ዝርግ ሳህኖች ያዘጋጁ። በመጀመሪያው ዱቄቱን፣ ስታርቹን፣ ጨዉን፣ ቁንዶ በርበሬውንና የነጭ ሽንኩርት ዱቄቱን ይቀላቅሉ። የነጭ ሽንኩርት ዱቄት ከፍርፋሪው ጋር ከተደባለቀ ላይ ላዩን አርሮ ይመርራል፤ ከስር ሲሆን ግን ጣዕሙን ሰጥቶ ይተርፋል። በሁለተኛው እንቁላሉን ከወተቱ ጋር ይምቱ፤ አስኳሉና ነጩ ፈጽሞ ይዋሃዱ፣ አረፋ ግን አይብዛ። ነጩ እንደተጓጎለ ከቀረ በአንዱ ቦታ ወፍሮ በሌላው ይሳሳል። በሦስተኛው ደቃቁ ፍርፋሪ ከኦሬጋኖው ጋር ይሁን፤ ፓንኮው ለጊዜው ለብቻው ይቆይ።

ፍርፋሪውን ራስዎ ከደረቀ ዳቦ የሚፈጩት ከሆነ ስኳር የሌለበት ዳቦ ይጠቀሙ። የጣፋጭ ዳቦ ፍርፋሪ በ185 ዲግሪ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላው ይጠቁራል፤ ያን ጊዜ ውስጡ ገና ምኑም አልተነካም።

አሁን ዘንጉን ዱቄት ላይ አንከባለው ትርፉን ያራግፉ። ዱቄቱ የቺዙን ቅባት ሸፍኖ እንቁላሉ የሚጨብጠው ነገር ይሰጠዋል፤ ቅባት ላይ በቀጥታ የተቀባ እንቁላል ይንሸራተታል። ቀጥሎ እንቁላል ውስጥ ነክረው ያንጠፍጥፉ፤ ከዚያ ደቃቁ ፍርፋሪ ላይ አንከባለው ቀስ ብለው በእጅዎ ጫን ጫን ያድርጉት። ሁለቱን ጫፎች አይርሱ። ቺዝ የሚያመልጠው በብዛት በጫፎቹ በኩል ነው፤ ምክንያቱም ዘንጉን የሚይዙት እዚያ ላይ ስለሆነ ጣት ያረፈበት ቦታ ሳይለብስ ይቀራል። አንዱን እጅ ለደረቁ፣ ሌላውን ለእርጥቡ ቢመድቡ ጣትዎም አብሮ አይለብስም።

ሁሉንም አንድ ዙር ከጨረሱ በኋላ 10 ደቂቃ ያሳርፏቸውና እንደገና እንቁላል፣ ቀጥሎም በዚህኛው ዙር ፓንኮ ያልብሷቸው። ሁለተኛውን ዙር መዝለል ያጓጓል፤ አይዝለሉት። ደቃቁ ፍርፋሪ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ሻካራው ኩርሽምታውን ያመጣል፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ፓንኮ ብቻ ያለበሱት ዘንግ ሲያዩት ያምራል፤ በፍርፋሪዎቹ መካከል ግን ቺዝ የሚያሳልፍ ክፍተት አለው።

የተረፈውን እንቁላልና እንቁላል የነካውን ፍርፋሪ ይጣሉት። ጥሬ እንቁላል ስላለበት ተመልሶ ዕቃ ውስጥ አይገባም።

ፍሪዘር

የለበሱትን ዘንጎች ሳይነካኩ በትሪ ደርድረው ቢያንስ 2 ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡ። ማደር ቢችሉ የተሻለ ነው። ቅዝቃዜው ሁለት ነገር ይሠራል፤ የቺዙን መቅለጥ ያዘገያል፣ ሽፋኑንም ከቺዙ ጋር አጣብቆ ያደርቀዋል። እንግዳ ከመጣ በኋላ ተጀምሮ በግማሽ ሰዓት የሚደርስ ነገር አይደለም።

ከ2 ሰዓት በላይ የሚቆዩ ከሆነ እንደደረቁ ወደ ላስቲክ ከረጢት አዛውረው አየሩን አስወጥተው ይዝጉት። እንዲህ ሆነው እስከ 2 ወር ይቆያሉ። በላያቸው የበረዶ ብናኝ ከያዙ ከመጥበስዎ በፊት በደረቅ ብሩሽ ወይም በእጅዎ ያራግፉት፤ በረዶ የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ ይፈነጥቃል።

መጥበስ

20 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ከባድ ድስት ውስጥ 1.5 ሊትር ዘይት 5 ሴንቲሜትር ያህል ጥልቀት ይይዛል፤ ይበቃል። ዘይቱ ከድስቱ ግማሽ ማለፍ የለበትም፤ ዘንጎቹ ሲገቡ አረፋው ወደ ላይ ይነሳል። ሳይጣራ የተጨመቀ የወይራ ዘይት ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ከሚጠበስበት ሙቀት ብዙም ሳይርቅ ማጨስ ይጀምራል።

ዘይቱን እስከ 185 ዲግሪ ያሙቁ። ቴርሞሜትር ካለ ነገሩ ይቀልላል፤ ቺዝ ለመጥበስ ከሚገዙ ዕቃዎች ሁሉ ዋጋውን የሚያወጣው እሱ ነው። ከሌለ የእንጨት ማንኪያ እጀታ ዘይቱ ውስጥ ይንከሩ። በዙሪያው ደቃቅ አረፋ በፍጥነትና ሳይቋረጥ ከወጣ ተቃርቧል። ከዚያ ትንሽ የዳቦ ቁራጭ ይጣሉበት፤ ወዲያው ተንሳፍፎ ከግማሽ ደቂቃ ጥቂት ዘግይቶ ወርቃማ ከሆነ ይጀምሩ። ዳቦው ሰምጦ ከቆየ ገና ነው፤ ዘይቱ ጭስ ካወጣ ደግሞ አልፏል፤ እሳቱን አጥፍተው ይጠብቁት።

ዘንጎቹን ከፍሪዘር የሚያወጡት ዘይቱ ከደረሰ በኋላ ነው፤ የሚያወጡትም የሚጠብሱትን ያህል ብቻ። በአንድ ጊዜ ከ4 እስከ 5 ያስገቡ። 10 በረዷማ ዘንጎች አንድ ላይ ከገቡ ሙቀቱ በቅጽበት ወደ 150 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል፤ ያኔ ቅርፊቱ ከመጠንከር ይልቅ ዘይት ይጠጣል፣ ቺዙም ያመልጣል። በቀዳዳ ጭልፋ አድርገው ቀስ ብለው ይልቀቋቸው፣ ለመጀመሪያዎቹ 20 ሰከንዶች አይንኳቸው። ሽፋኑ ገና ሳይጠነክር ጭልፋ ከነካው ይላጣል። ከዚያ አንዴ ያገላብጧቸው።

ጠቅላላ ጊዜው ከ1 ደቂቃ እስከ 1 ደቂቃ ተኩል ነው። ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን አረፋውን ይመልከቱ። መጀመሪያ አረፋው ብዙና ቁጡ ነው፤ ከሽፋኑ የሚወጣ እርጥበት ነውና። ከአንዱ ዘንግ ጎን በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ ድንገት ጠንካራ አረፋ መውጣት ከጀመረ ሽፋኑ እዚያ ተቀዷል፤ ቺዙ መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። ቀለሙ ባይሞላም ያንን ዘንግ ወዲያው ያውጡት።

ሲወጡ በምድጃ ፍርግርግ ላይ ያሳርፏቸው። ወረቀት ላይ ከተቀመጡ ከስር የሚወጣው እንፋሎት ተመልሶ ያርሳቸዋል። በክዳን መሸፈን ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። 1 ደቂቃ ይጠብቁ፤ በዚህ ጊዜ የቅርፊቱ ሙቀት ወደ መሃል እየገባ የቀረውን ቺዝ ያቀልጠዋል፤ ምላስንም ከቃጠሎ ያተርፋል። ከሚቀጥለው ዙር በፊት ዘይቱ ወደ 185 ዲግሪ መመለሱን ያረጋግጡ፤ የተንሳፈፈውንም ፍርፋሪ በወንፊት ያንሱ፤ አርሮ የሚቀጥለውን ዙር ያመርረዋል።

የዘይት እሳት ነገር በሁለት ቃል፦ ለድስቱ የሚሆን ክዳን ሁልጊዜ አጠገብዎ ይሁን። ዘይቱ ከተቀጣጠለ ምድጃውን ያጥፉ፣ ክዳኑን ይግጠሙበት፣ ድስቱን አያንቀሳቅሱ። ውሃ በፍጹም አይጨምሩበት፤ ውሃው ከዘይቱ ስር ገብቶ ወደ እንፋሎት ሲፈነዳ የሚነደውን ዘይት ወደ ቤቱ ይረጨዋል።

ሲበላሽ የት እንደተበላሸ

ውጪው ቡናማ ሆኖ መሃሉ ጠንካራ ከሆነ ዘንጉ ወፍሯል ወይም ዘይቱ በጣም ግሏል። የተጠበሱትን 180 ዲግሪ በሞቀ ምድጃ ውስጥ 3 ደቂቃ ያቆዩአቸው፤ ለቀጣዩ ዙር ዘይቱን ወደ 175 ያውርዱ። መልሶ ዘይት ውስጥ መክተት ቅርፊቱን ያሳርረዋል።

ቅርፊቱ ነጣ ብሎ ቅባት ከተሸከመ ዘይቱ ቀዝቅዟል ወይም ድስቱ ተጨናንቋል። ሽፋኑ ከቺዙ ተለይቶ በመሃላቸው ባዶ ቦታ ካለ ቺዙ ሳይደርቅ ነው የለበሰው፤ አንዳንዴ ደግሞ ዱቄቱ በዝቶበታል። ዘንጎቹ ሁሉ ከፈሰሱ፣ በአብዛኛው የፍሪዘሩ ጊዜ አንሷል። አንድ ሁለቱ ብቻ ከፈሰሱ ጥፋቱ የአለባበስ ነው፤ የቀሩትን ጫፎቻቸውን አይተው የተራቆተ ቦታ ላይ እንቁላልና ደቃቅ ፍርፋሪ ይለጥፉበት፣ ተመልሰው ለ20 ደቂቃ ፍሪዘር ይግቡ።

ያለ ብዙ ዘይት

በምድጃ መጋገር ይቻላል፤ ግን ጥሬ ፍርፋሪ በምድጃ ውስጥ ቡናማ እስኪሆን ቺዙ አይጠብቀውም። ስለዚህ ፓንኮውን አስቀድመው ከ2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጋር በመጥበሻ፣ በመካከለኛ እሳት፣ ወርቃማ እስኪሆን ይቁሉትና ያቀዝቅዙት። ከዚያ እንደተለመደው አልብሰው፣ አቀዝቅዘው፣ በ220 ዲግሪ ከ7 እስከ 9 ደቂቃ ይጋግሩ፤ መሃል ላይ አንዴ ያገላብጡ። በኤር ፍራየር ከሆነ በ200 ዲግሪ 6 ደቂቃ ያህል ይበቃል፤ ዘይት ይቀቡት ወይም ይርጩበት፣ ሳይነካኩም ይደርደሩ። ከዘይቱ ጥብስ ጋር እኩል ነው የሚል ካለ አይመኑት፤ ጥሩ ነው፣ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሃሉሚ እና ፓኒር

250 ግራም ሃሉሚ 1.5 ሴንቲሜትር ውፍረት ባላቸው ጣቶች ይቁረጡ። ጨዉ ከበዛብዎ 30 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉትና በደንብ ያድርቁ። 3 የሾርባ ማንኪያ ስታርች ላይ አንከባለው በመጥበሻ፣ 1 ሴንቲሜትር ጥልቀት ባለው የጋለ ዘይት፣ በእያንዳንዱ ጎን ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ይጥበሱ። ወዲያው ይበላ፤ ከቀዘቀዘ እንደ ጎማ ይሆናል። ፓኒር በተቃራኒው ጨው ስለሌለው ስታርቹ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና የወደዱትን ቅመም ይጨምሩለት።

ማጥቀሻ

የተጠበሰ ቺዝ ስብም ጨውም አለው፤ የጎደለው ኮምጠጥ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ አንድ ማጥቀሻ ብቻ የሚሠሩ ከሆነ የቲማቲሙን ይሥሩ። 2 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት በዝግታ ያሙቁ፣ 2 ፍልቃቂ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ሽታው እስኪወጣ 1 ደቂቃ ብቻ ያቁሉ፤ ቡናማ ከሆነ መርሯል፣ እንደገና ይጀምሩ። 400 ግራም የተፈጨ ቲማቲም፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኦሬጋኖ፣ ቁንጥር ስኳርና ጨው ጨምረው ሳይከድኑ 20 ደቂቃ ያንተክትኩት። ማንኪያ በድስቱ ወለል ላይ ሲጎትቱ መንገዱ ለአፍታ ሳይዘጋ ከታየ ስጎው ደርሷል። ከዚያ የቀጠነ ስጎ ቅርፊቱን ያርሰዋል፤ ይህ ለማጥቀሻ ሁሉ ይሠራል። ሞቅ እንዳለ ይቅረብ።

ለእርጎው 200 ግራም ወፍራም እርጎ፣ 1 ትንሽ ፍልቃቂ ከጨው ጋር የተደቆሰ ነጭ ሽንኩርት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይትና በደቃቁ የተከተፈ ናና ይቀላቅሉ። እርጎው ቀጭን ከሆነ አስቀድሞ በንጹህ ጨርቅ 1 ሰዓት ይንጠፍጠፍ። ነጭ ሽንኩርቱ በማግስቱ በጣም ስለሚበረታ በዕለቱ ይሠራ፤ ቀዝቃዛ ይቅረብ። ከሃሉሚ ጋር ግን የሚስማማው ማር ነው፦ 4 የሾርባ ማንኪያ ማር፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተሰባበረ ደረቅ ቃሪያ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ፤ በዝግተኛ እሳት 2 ደቂቃ። አይፍላ፤ ማር ሲፈላ አረፋው ከድስቱ ይገነፍላል። ለቸኮለ ሰው ደግሞ 100 ግራም ማዮኔዝ ከ1 የሾርባ ማንኪያ ሰናፍጭና ከ1 የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጋር መምታት ይበቃል።

የተረፈው

የተጠበሰው ከተረፈ በማቀዝቀዣ 2 ቀን ይቆያል። በ190 ዲግሪ ምድጃ ከ5 እስከ 6 ደቂቃ ያሙቁት። ማይክሮዌቭ ቅርፊቱን አርሶ ቺዙን እንደ ቆዳ ያጠነክረዋል። ሳይጠበስ ፍሪዘር ውስጥ ያለው ደግሞ ሳይሟሟ ከበረዶው በቀጥታ ወደ ዘይት ይገባል።

ዘይቱ ሲቀዘቅዝ በጨርቅ ተጣርቶ፣ በተከደነ ዕቃ ጨለማ ቦታ ከተቀመጠ ሌላ ሁለት ጊዜ ያገለግላል። ከጠቆረ፣ ሲሞቅ ላዩ ላይ የማይጠፋ አረፋ ከያዘ ወይም ከዱሮው ቀድሞ ካጨሰ ግን ዘመኑ አልቋል። በጠርሙስ አሽገው ይጣሉት፤ በማጠቢያው በኩል ከፈሰሰ ቧንቧው ውስጥ ከሌላ ቆሻሻ ጋር ተጣብቆ ሊደፍነው ይችላል።